ያልተሰነጠቀ ዱላ ለምን ይከለከላል?

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ለኮሌጁ ቤዝቦል ይጫወታል። በቅርቡ ከግጥሚያ በፊት የካርቦን ዱላው በመሣሪያ ተፈትሾ «በዚህ መጫወት አይቻልም» ተባለ። አንድም ስንጥቅ እንደሌለበት ምሎ ነግሮኛል። እኛ እዚህ ጎንደር ለገና ጨዋታ ከወይራ ቆርጠን ስንጫወት ዱላ ተሰበረ እንጂ ተከለከለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ለመሆኑ ትልቁ ሊግ በእንጨት ሲጫወት ኮሌጆች በብረትና በካርቦን የሚጫወቱት ስለ ምን ነው? አደገኛ ከሆነስ ለምን ጨርሶ አይቀርም?
አንባቢያችሁ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የወንድምዎ ልጅ ዱላ የተከለከለው ተጎድቶ አይደለም፤ ኳስ የማስፈንጠር ኃይሉ ከተፈቀደው በላይ ሳይደርስ አልቀረም ተብሎ ስለተጠረጠረ ነው። ይህ ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል፤ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር፣ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.፣ የአሉሚኒየም ዱላ የፈቀደው በ1974 ነው። ዋናው ምክንያት ወጪ ነበር፤ የእንጨት ዱላ ቶሎ ቶሎ ይሰበራል፣ አዲስ የሚገዛው ደግሞ ኮሌጁ ነው። ትልቁ ሊግ ያሉት ሜጀር ሊግ ግን ዱላ ከአንድ ወጥ እንጨት እንዲሠራ የሚያዘውን ደንቡን አልለወጠም።

አሉሚኒየም ከእንጨት የተለየው ባለመሰበሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክር ባልተነሣ ነበር። የብረቱ ዱላ ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ ኳሱ ሲያርፍበት ስስ ግድግዳው ለቅጽበት ወደ ውስጥ ገብቶ መልሶ ይገፋዋል፤ በድፍን እንጨት ላይ ግን የሚጨፈለቀው በአብዛኛው ኳሱ ራሱ በመሆኑና ሲጨፈለቅም ብዙውን ጉልበቱን ስለሚያባክን ቀዝቀዝ ብሎ ይወጣል። በ1998 የኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሪዞና ስቴትን ለቤዝቦል እጅግ በበዛ ውጤት፣ 21 ለ14፣ ሲያሸንፍ፣ ነገሩ ከልክ ማለፉን ያላመነ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ የዱላው ውፍረት ከ6.67 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ክብደቱም እጅግ እንዳይቀልል ተደነገገ፤ ለምሳሌ 33 ኢንች የሚረዝም ዱላ ከ30 አውንስ፣ ማለትም ከ850 ግራም ገደማ፣ ማነስ አይችልም።

እኔን ከውጤቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች፣ የወርዋሪው፣ ደኅንነት ነው። ወርዋሪው የሚቆምበት ስፍራ ከመቺው 18.44 ሜትር ይርቃል፤ ኳሱን ሲለቅ ግን ወደ ፊት ስለሚራመድ ርቀቱ ከዚህም ያጥራል። ገና ሚዛኑን ሳይጠብቅ፣ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር እየበረረ የሚመለስ ኳስ ፊቱ ላይ ለመድረስ 0.4 ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም። የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት በ2007 የብረት ዱላን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር ያገደው በዚሁ ሥጋት ነው።

ኮሌጆቹ የመረጡት መንገድ ግን ሌላ ነው። ከ2011 ጀምሮ ቢ.ቢ.ኮር የሚባል መለኪያ ሥራ ላይ ዋለ፤ ዱላና ኳስ ተጋጭተው የሚለያዩበት ፍጥነት፣ ከተገናኙበት ፍጥነት ከግማሽ፣ ማለትም ከ0.50፣ መብለጥ የለበትም። ይህ ወሰን የብረቱን ዱላ ከጥሩ እንጨት ጋር ያቀራርበዋል፤ በዚያው ዓመት አንድ ቡድን በግጥሚያ በአማካይ የሚመታው ሆም ራን፣ ማለትም ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሳልፍ ምት፣ ከ0.94 ወደ 0.52 ወረደ። ቁጥሩ በኋላ ዳግመኛ ያሻቀበው የዱላው ወሰን ሳይነካ ነው፤ በ2015 ስፌቱ ዝቅ ያለና አየር ያን ያህል የማይገታው ኳስ መግባቱ አንዱ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ። የካርቦን ዱላ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ በተመታበት ቁጥር የውስጥ ንብርብሩ እየላላ፣ እየለሰለሰና ይበልጥ እያስፈናጠረ ይሄዳል። በፋብሪካ ሲፈተን ያለፈው ዱላ ከጊዜ በኋላ ከወሰኑ ሊያልፍ የሚችለው ስለዚህ ነው። ይህን ለማፋጠን ዱላውን በሁለት ተሽከርካሪ ጥቅሎች መካከል አስገብተው የሚያሹ፣ ጫፉን ከፍተው የውስጥ ግድግዳውን ፍቀው የሚያሳሱም አሉ። ከግጥሚያ በፊት የሚደረገው ፍተሻ ዱላውን በመሣሪያ ጨምቆ ምን ያህል እንደሚሸሽ ይለካል፤ ከሚገባው በላይ ከለሰለሰ ይወገዳል፣ ያለፈው ተለጣፊ ምልክት ይደረግበታል። ስለዚህ ልጁ ምንም ሳያጭበረብር፣ ዱላው በአገልግሎት ብቻ ሊወድቅበት ይችላል፤ ዓይንም ይህን አያይም። በዚህ አይፈር፤ ነገር ግን ዱላውን ለማስመለስ አይሟገት።

ጨርሶ ይቅር ለሚለው፣ እኔ አይቅር ባይ ነኝ። እንጨትም የራሱ አደጋ አለው፤ በ2008 በሜጀር ሊግ ሜፕል ከሚባል ዛፍ የተሠሩ ዱላዎች እየተሰነጠቁ ስለታም ስባሪያቸው ሜዳ ላይ ይበር ስለነበር፣ ሊጉ የእንጨቱን ቃጫ አቅጣጫ የሚመለከት ደንብ ለማውጣት ተገዷል። «ተጫዋቹን ለትልቁ ሊግ ያዘጋጃል» የሚለውም ክርክር አያሳምነኝም፤ ከኮሌጅ ተጫዋቾች አብዛኞቹ ወደዚያ አይደርሱምና፣ ደንብ ለጥቂቶች ተብሎ ሊወጣ አይገባም። ሊጠብቅ የሚገባው ፍተሻው ነው፤ በየግጥሚያው፣ ያለ አድልዎ።

የወንድምዎ ልጅ ግን ከጥቂቶቹ አንዱ ለመሆን ካሰበ፣ የእንጨት ዱላ ገዝቶ ከአሁኑ ይለማመድበት። የኮሌጅ ተጫዋቾች በክረምት ዕረፍታቸው የሚፎካከሩበት የኬፕ ኮድ ሊግ ከ1985 ጀምሮ የሚጫወተው በእንጨት ነው፤ የትልልቆቹ ቡድኖች መልማዮችም ተጫዋቾችን እዚያ እየተገኙ ይመለከታሉ።