ስለ መርከበኞች ሕይወትና ልማድ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ የባሕር በር ሳይኖራት መርከቦቿ ባንዲራዋን የሚያውለበልቡት በምን ሕግ ነው?

መልስ፦ በ1921 (እ.ኤ.አ.) በባርሴሎና የወጣው መግለጫ የባሕር ጠረፍ ለሌላቸው አገሮች ባንዲራ ዕውቅና ሰጥቷል። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነትም በአንቀጽ 90፣ ጠረፍ ያለውም ሆነ የሌለው አገር ሁሉ በባንዲራው መርከብ የማሠማራት መብት እንዳለው ደንግጓል። በመርከብ የኋላ ገጽ ላይ፣ ከስሟ ሥር፣ የተመዘገበችበት ወደብ ስለሚጻፍ የእኛዎቹ «አዲስ አበባ» የሚል ጽሑፍ ይዘው ይጓዛሉ፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ወደብ ማየት ለውጭ አገር መርከበኞች ሳያስገርም አይቀርም።

ጥያቄ፦ መርከቧን የመምራት ተረኝነት እንዴት ይከፋፈላል? ሌሊቱስ እንዴት ያልፋል?

መልስ፦ በተለመደው አሠራር አንድ መኮንን አራት ሰዓት ተረኛ ሆኖ ስምንት ሰዓት ያርፋል፤ ተራውም በቀን ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ያለው ብዙውን ጊዜ የሁለተኛው መኮንን ሲሆን፣ ከ10 ሰዓት እስከ ንጋቱ 2 ያለውን ዋናው መኮንን ይይዘዋል። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም፦ በከዋክብት አቅጣጫ በሚፈለግበት ዘመን ኮከቡም የአድማሱ መስመርም አብረው የሚታዩት በንጋትና በምሽት ጭላንጭል ብቻ ስለነበር፣ በሴክስታንት (ኮከብ ከአድማስ ያለውን ከፍታ በሚለካ መሣሪያ) የመለካቱ ሥራ ልምድ ላለው ሰው ይሰጥ ነበር። ዛሬ ሳተላይት ቢኖርም ክፍፍሉ አልተለወጠም። በሌሊት የሚተካው መኮንንም ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ኃላፊነቱን አይረከብም፤ ይህ ልማድ ብቻ ሳይሆን ዓለም አቀፍ ደንብ ነው።

ጥያቄ፦ የምድር ወገብን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያቋርጥ መርከበኛ ይቀጣል ሲባል እውነት ነው?

መልስ፦ ቅጣቱ ጨዋታ ነው። ከነባሮቹ አንዱ የባሕር አምላክ የሚባለውን ኔፕቱን መስሎ «ፍርድ» ይሰጣል፤ አዲሱ ሰውም ውኃ ይደፋበታል፣ ጢሙ ይላጫል፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ቀድሞ ግን ጭካኔ የተቀላቀለበት ነበርና መቅለሉ ተገቢ ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ መርከብ ላይ ማፏጨት ለምን ይጠላል?

መልስ፦ በሸራ ዘመን ፉጨት ማዕበል ይጠራል ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው።

ጥያቄ፦ የሰመጠ ጀልባ ቢያጋጥም ካፒቴኑ ማለፍ ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። የራሱን መርከብ ለከባድ አደጋ እስካላጋለጠ ድረስ፣ የተጎጂዎቹ ዜግነት ወይም ሁኔታ ምንም ይሁን ምን በሙሉ ፍጥነት ሄዶ መርዳት ግዴታው ነው። መድረስ ካልቻለም ምክንያቱን በመርከቡ መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት።