ራስ መነቅነቅና በጣት መጥራት

ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ለጀመራችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። «ነፍስ»፣ «ዕጣ ፈንታ» የሚሉት ትልልቅ ቃላት ብዙም አይጥሏችሁም፤ ሰው ሁሉ ይጠነቀቅላቸዋል። የሚጥሏችሁ ትንንሾቹ ግሦች ናቸው። መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት እንቅስቃሴውን ራሳችሁ ሥሩት። እኔ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ራሴን ስነቀንቅ ያዩኝ ሰዎች ምን እንዳሉ እነሱ ያውቃሉ።

«ኪቫት» ራስን ወደ ታችና ወደ ላይ መነቅነቅ ነው። «ኪቭኑት» ሲሆን አንዴ ነቅነቅ አድርጎ መተው ነው፤ አንዴ መሆኑን የምትነግረን መሃል የገባችው «ኑ» ናት። «ዛኪቫት» መነቅነቅ መጀመር ነው። የእንግሊዝኛው «ኖድ» ብቻውን ይህን ሁሉ አይለይም። «ጌቭ ኤ ኖድ»፣ «ኬፕት ኖዲንግ» እያላችሁ መለየት ትችላላችሁ፤ ግን አታብዙት። አብዛኛውን ጊዜ ተራው «ኖድ» ይበቃል። ሩሲያኛው «በጭንቅላቱ» ብሎ ቢጨምርም እናንተ ተዉት። በምን ሌላ ሊነቀንቅ ነው?

«ኪቫት ና» ሲመጣ ግን ቆም በሉ። በሌላ ሰው ላይ ማላከክም ይሆናል። «ኖድ አት» ካላችሁት የተላከከበት ሰውዬ ሰላምታ የተሰጠው ይመስላል።

«ማኒት» የባሰ ነው። በእጅ ና ማለትም፣ ልብ ማማለልም እሱው ነው። እኛ ጠቀሰና አማለለ ብለን እንለያቸዋለን። ሰው በጣቱ ሲጠራ «ቤከን» ጥሩ ነው፤ ጠሪው ንቀት ካለበት ግን ጣቱን ማጠፉን ጻፉት፣ «ክሩክድ ሂዝ ፊንገር» በሉ። ትልቅ ሰው በጣት መጥራት እዚያም እኛም ዘንድ ነውር ነው። የሚጠራው ባሕር ከሆነ «ኢንታይስ» አይስማማኝም፤ ባሕሩ ጉቦ የያዘ ያስመስለዋል። «ድሪው» ይሻላል።

ከፊት የሚቀጠሉትን ፊደላት ደግሞ እንግሊዝኛው ከግሡ በኋላ ነው የሚያስቀምጣቸው። «ዛማኒት» ወጥመድ ውስጥ ማስገባት ነው፣ «ሉር ኢን»። «ቪማኒት» አባብሎ ማስወጣት ነው፣ «ሉር አውት»። የሚወጣው ገንዘብ ከሆነ ግን «ሉር» አይሆንም፤ «ዊድል» ወይም «ስዊንድል» ያስፈልጋል። «ፔሬማኒት» የሌላውን ሠራተኛ አማልሎ መውሰድ ነው። ለዚህ እንግሊዝኛ «ፖች» የሚል ቃል አለው፤ በሰው መሬት ላይ ሳይፈቀድ ማደን ማለትም ነው። ለጋዜጣ ዜና እሱን ተጠቀሙ። በልቦለድ ውስጥ አንዲት እመቤት የጎረቤቷን ሞግዚት ብትወስድ ግን እኔ «ሉርድ አዌይ» እላለሁ።