መድኃኒት ይነደፋል ወይስ ይቀመማል?

ጥያቄ፦ «ደሴ ባዮኬሚስትሪ የምማር ተማሪ ነኝ። ፕሮፌሰራችን የኢንዛይም መዋቅር ያስተምሩናል፤ ምርምራቸውም ከዚያ መዋቅር ተነሥቶ መድኃኒት ማውጣት ላይ ነው። ስለ ሥራቸው በአማርኛ አጭር ማስታወቂያ ስጽፍ ‹አዲስ መድኃኒት እየነደፉ ነው› አልኩ። ጓደኛዬ ሳቀችብኝ። ‹የሚነድፍ ንብ ነው፤ መድኃኒት ይቀመማል› አለች። የቱ ነው ልክ? ደግሞ መድኃኒት በ‹ኃ› ነው በ‹ሀ›?»

መልስ፦ አብሽሪ፣ አልተሳሳትሽም። ጓደኛሽም ከሜዳ ተነሥታ አይደለም የተናገረችው፤ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ አድርጋቸዋለች።

ቀመመ ያለውን መርጦ፣ መጥኖ ማዋሃድ ነው። ቅመምም ከዚሁ ነው። ሥሩን፣ ቅጠሉን፣ ዱቄቱን እየለካ የሚያዋህድ ሰው መድኃኒት ቀማሚ ይባላል፤ ስሙም ይገባዋል። የእናንተ ፕሮፌሰር ግን የሚያዋህዱት ነገር ገና በእጃቸው የለም። መጀመሪያ የኢንዛይሙን፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥነውን ነገር፣ ቅርጽ ያያሉ፣ ከዚያ እዚያ ቅርጽ ውስጥ የሚገባ ሞለኪውል ያስባሉ። ይህንን ቅመማ ማለት ቃሉንም ሥራውንም መበደል ነው።

የደም ግፊት መድኃኒት የሆነውን ካፕቶፕሪልን ውሰጂ። ነገሩ የጀመረው ከብራዚል እፉኝት መርዝ ነው። መርዙ ውስጥ የደም ሥር የሚያጠብብ ንጥረ ነገር እንዲመረት የሚያደርገውን ኢንዛይም የሚገታ ነገር ተገኘ። መድኃኒቱን የነደፉት ተመራማሪዎች፣ ኩሽማንና ኦንዴቲ፣ የዚያን ኢንዛይም ቅርጽ አላዩትም፤ የታየው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስለዚህ ቅርጹ አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ኢንዛይም፣ ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኤ የሚባለውን ከቆሽት የሚመነጭ ምግብ ፈጪ፣ መነሻ አደረጉት። ሁለቱም ሆዳቸው ውስጥ ዚንክ አለ። መጀመሪያ የሠሩት ሞለኪውል ዚንኩን የሚይዘው በደካማው ነበር። ጫፉን ድኝ ባለበት ቡድን ቢለውጡት ጥብቅ አድርጎ ያዘው፣ ኃይሉም እጅግ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ለደም ግፊት ተፈቀደ። ብዙ የደም ግፊት ታማሚ የሚያውቀው ኢናላፕሪልም የዚሁ ዘመድ ነው። እንግዲህ እባቡ ነደፈ፣ ሰዎቹም ነደፉ። ለሁለቱም ያለን ግስ አንድ ነው፤ እኔ በዚህ እደሰታለሁ።

ግን አንድ ግስ እንዴት እዚህም እዚያም ዋለ? በግእዝ ነደፈ ማለት በቀስት ወጋ ነው። ንቡም እባቡም ከዚህ ይመጣሉ። ጥጥም ይነደፋል። ዐረብኛውም ጥጥ መንደፍን ነደፈ ይለዋል፤ ቃሉ የሴማውያን የጋራ ነው። የሸማኔ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፦ ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣ በኋላ የደጋኑን ጅማት ጥጡ ላይ እየሳቡ ይለቁታል። ጅማቱ ይርገበገባል፣ የተጣበቀው ይፍታታል፣ እንደ አረፋ ይነሣል። መሣሪያው ያው ቀስት ነው፤ ፍላጻው ብቻ ቀረ። ከዚያ ነው የሚፈተለው፣ ከዚያ ነው ድርና ማግ የሚሆነው።

ንድፍን በዕቅድ ትርጉሙ «ከፈረንጅ የተገለበጠ ነው፣ በአማርኛ የሚነደፈው ሥጋና ጥጥ ብቻ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አልቀበላቸውም። ንድፈ ሐሳብ ስንል ማን ተቆጣ? ሌሎች ደግሞ የዕቅዱን ትርጉም ከመውጋት ሊያመጡት ይፈልጋሉ፣ በሹል ነገር ምልክት ከማድረግ። ይሆናል። የእኔ ልብ ግን ወደ ጥጡ ያደላል፤ ሸማው ከመሸመኑ በፊት የሚሠራ ሥራ ነውና። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ባይወድ ይገርመኛል።

«ድራግ ዲዛይን»ን በተመለከተ፣ ክፍል ውስጥ እንደዚያ እንደምትሉት አውቃለሁ። ዲዛይን ከቤት ፕላን እስከ ቀሚስ ገብቷል፣ ማንም አያስወጣውም። ስትናገሩ በሉት፤ ስትጽፊ ግን ንድፍ በይልኝ። ኢንዛይምን እንዳለ ተዪው። «እርሾ እንበለው» የሚሉ አሉ፤ ግሪኩ «እርሾ ውስጥ» ማለት መሆኑ እውነት ነው፣ ግን እርሾ የራሱ ሥራ አለው።

ወደ ፊደሉ። በ«ኃ» ነው። ግእዙ ድኅነ ነው፤ አማርኛ ኅን ውጦ ዳነ አለ። መድኃኒት ግን ከግእዝ እንዳለ ስለመጣ ሥሩን ይዞ ቀርቷል። ኃውን ስታዪ መዳኑን ታያለሽ። የፋርማሲው ሰሌዳ፣ የካርቶኑ ጽሑፍ፣ የስልኩ ኪቦርድ «መድሀኒት»፣ «መድሃኒት» ይላል፤ አንባቢም አልተቸገረም። ስለዚህ ስሕተት ነው ብዬ ቀይ አላደርግብሽም። ቅር እያለኝም ቢሆን አልፈዋለሁ።

ማስታወቂያሽን እንዲህ አድርጊው፦ «ፕሮፌሰራችን የኢንዛይሞችን መዋቅር ያስተምራሉ፤ በዚያ መዋቅር ላይ ተመሥርተውም አዳዲስ መድኃኒቶችን ይነድፋሉ።» «መድኃኒት ንድፍ» ሳይሆን «የመድኃኒት ንድፍ» በዪ፤ «የ»ዋን አትብዪያት።