መልስ፦ የበዓል ሃም ማሩ እንዳያርብሽ

ሰላም እህቴ። ባለፈው በዓል ሃሙ (በጨው የተዘጋጀው የአሳማ ጭን ሥጋ) ላይ የቀባሽው ማር አሮ ሥጋውም ደረቀብኝ ላልሽው፣ ጥፋቱ ከመጀመሪያው መቀባትሽ ይመስለኛል። ስኳር ያለበት ነገር ምድጃ ውስጥ ቶሎ ያራል።

ማሸጊያውን አንብቢ፤ አብዛኛው ሃም በስሎ ስለሚሸጥ ሥራሽ ማሞቅ ብቻ ነው። ጥሬ ከሆነ አሠራሩ ሌላ ነው። ላዩን በቢላ በስሱ ሰያፍ ሰንጥቂው፣ ትሪው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሺ፣ በፎይል ጥብቅ አድርገሽ ሸፍኚና በ160 ዲግሪ አስገቢው። ለአንድ ኪሎ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ አስቢ። የሥጋ ቴርሞሜትር ካለሽ መሃሉ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይበቃዋል።

ለመቀቢያው ግማሽ ኩባያ ማር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተዘጋጀ ሰናፍጭ፣ 1 ማንኪያ ኮምጣጤና ቁንጥር የተወቀጠ ቅርንፉድ እሳት ላይ ትንሽ እስኪወፍር አማስዪ። ሰናፍጩን እንዳትተዪው፤ ያለሱ ከረሜላ መብላት ነው። ጨው ግን በፍጹም፣ ሃሙ ራሱ ይበቃዋል።

ሊወጣ 20 ደቂቃ ሲቀረው ፎይሉን አንስተሽ ቀቢው፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ድገሚው። ያኔ ከምድጃው አትራቂ! ሲወጣ 15 ደቂቃ ሳትቆርጪው ይረፍ፤ አለዚያ ጭማቂው ሁሉ መክተፊያው ላይ ይቀራል።