ልጄ ልትመሰክር ተጠርታለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አዘዞ መንገድ ላይ ሰው በስለት ሲወጋ አይታለች። ለፖሊስም ተናግራለች። አሁን የዓቃቤ ሕግ ምስክር ሆና መጥሪያ ደርሷታል። የተከሳሹ ዘመዶች ጎረቤቶቻችን ናቸው። «አላየሁም ትበልና ነገሩ በሽምግልና ይለቅ» ይሉናል። ልጄ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ይሻላል? (አንዲት እናት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ከጎረቤቶቹ ልጀምር። ሽምግልናው ቤተሰብን ያስታርቅ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ከባድ ክስ ግን አያቆመውም። ያየችውን «አላየሁም» ካለች በሐሰት መመስከር ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453 ያስቀጣል። 15 ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ «ልጅ ናት፣ ምን ትሆናለች» የሚለውን አይስሙ። ማስፈራሪያ ካለ ዛሬውኑ ለፖሊስና ለዓቃቤ ሕጉ ይንገሩ። ለከባድ ወንጀሎች የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ።

ቀጥሎ ከቀጠሮው ቀን በፊት ዓቃቤ ሕጉን ያነጋግሩ። ችሎት በመርህ ክፍት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 20 ዝግ ችሎትን ይፈቅዳል፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ የሕፃናት ደህንነት እንዲቀድም ያዛል። በዝግ ችሎት ወይም ከመጋረጃ ጀርባ እንድትመሰክር፣ እርስዎም አጠገቧ እንዲቀመጡ በጽሑፍ ይጠየቅላት። እርስዎም ምስክር ከሆኑ ቃልዎን ሳይሰጡ መግባት አይችሉም፤ አክስቷ ወይም የምትቀርባት ሰው ትግባ።

አሁን ዋናው ነገር። እባክዎ የምትናገረውን አያስጠኗት! ከፍቅር የመጣ ነው፣ ይገባኛል፤ ግን የሚጎዳት እሱ ነው። መጀመሪያ ዓቃቤ ሕጉ ይጠይቃታል። ከዚያ የተከሳሹ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ ይመጣል፤ ሥራው ቃሏን መፈተን ነው። የተጠና ቃል አንዲት ጥያቄ ስትጠመዝዘው ይፈርሳል፣ እውነቷን የተናገረች ልጅም ውሸታም ትመስላለች። ይልቅ ችሎቱን ያስተዋውቋት። ዳኛው የት እንደሚቀመጥ፣ ተከሳሹ እዚያው እንደሚኖር፣ ጠበቃው ድምፁን ቢያነሳ እሷን ጠልቶ እንዳልሆነ ይንገሯት። «አላስታውስም» ሙሉ መልስ ነው። «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ማለትም መብቷ ነው። ብታለቅስ ነውር የለውም፤ ዳኛውን እረፍት መጠየቅ ትችላለች። «እናትሽ ምን በይ አለችሽ?» ከተባለችም «እውነቱን ተናገሪ አለችኝ» ትበል፤ እርስዎ ግን ስለምትሰጠው ቃል ከዚያ ሌላ ምንም አይበሏት።

ቀጠሮ ሊለወጥ ስለሚችል በዋዜማው ደውለው ያረጋግጡ። ለትምህርት ቤቷ የመጥሪያውን ኮፒ ይስጡ። ቁርስ በልታ ትሂድ። ስትወጣ «እንዴት መለስሽ?» ብለው አያፋጧት፤ ራሷ እስክታነሳው ይተዉላት። እንቅልፍ ማጣቷ ከቀጠለ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዷት። የዝግ ችሎቱን ማመልከቻ የሚጽፍልዎ ካጡ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ መጥሪያውን ይዘው ይሂዱ።