ተንጠልጥሎ መቆም ለመለማመድ ፎሙን ግዛ

ሰላም ወንድሜ። በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ባለበት ተንጠልጥሎ እንዲቆም ማድረግን ለመማር ትልቁን የባልሳ እንጨት አውሮፕላን ልግዛ ወይስ ትንሹን የፎም ብለሃል። ሳታመነታ ፎሙን ግዛ። ልምምዱ መሬት ሳይነኩ አያልቅም። ባልሳ ይሰበራል፤ ኢፒፒ የሚባለው ፎም ግን ተጣጥፎ ይመለሳል፣ ቢቀደድም ሙጫ ይበቃዋል።

ዋናው ነገር ክብደት ነው። ክንፉ ከ80 እስከ 90 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ ከነባትሪው 200 ግራም አካባቢ የሆነ ጠፍጣፋ ፎም ፈልግ። ሞተሩ ቢያንስ የክብደቱን አንድ ተኩል እጥፍ መሳብ አለበት። እኩል ብቻ ከሳበ ተንጠልጥሎ ይቆማል፣ መውረድ ሲጀምር ግን የሚያወጣህ ትርፍ ጉልበት የለህም።

ቀጥሎ ጭራውን እይ። አውሮፕላኑ ተንጠልጥሎ ሲቆም ክንፉን የሚያነሳ አየር የለም። ሚዛኑን የሚጠብቁት ከፕሮፔለሩ የሚወርደው ንፋስ የሚያገኛቸው ሩደር (ጭራው ላይ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው ክፍል) እና ኤለቬተር (ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዞረው) ናቸው። ስለዚህ ሰፋፊ ይሁኑ፣ እስከ 45 ዲግሪ ይታጠፉ። ፕሮፔለሩም ሰፊ ሆኖ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት) ዝቅ ያለ ይሁን፤ ለዚህ መጠን 8 በ3.8 ኢንች (ስፋቱ 8፣ ፒቹ 3.8) ጥሩ ነው።

ስትጀምር የአውሮፕላኑ ጀርባ ወደ አንተ ይዙር። ያኔ ሩደሩን ወደ ግራ ስትል አፍንጫውም ወደ ግራህ ይሄዳል። ሆዱ ወደ አንተ ከዞረ ግራና ቀኙ ይገለበጥብሃል፣ እጅህም ይደናገራል። የሞተሩንም ጉልበት በአንዴ አትልቀቀው፤ ጨመር ቀነስ፣ ጨመር ቀነስ እያደረግህ ያዘው። ንፋስ በሌለበት ማለዳ ሞክረው።