መልስ፦ አሰልጣኙ ከተቀየረ ተጫዋቾቹስ?
ወንድሜ፣ «አሰልጣኙ ከተሰናበተ ተጫዋቾቹም መሰናበት የለባቸውም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ሁልጊዜ አይመስለኝም። በአውስትራሊያ የራግቢ ሊግ ውድድር (NRL) የሚጫወተውን ብሪዝበን ብሮንኮስን ተመልከት። አሰልጣኙ ኬቪን ዋልተርስ እ.ኤ.አ. በ2023 ለፍጻሜ አድርሷቸው በፔንሪዝ ክለብ 26 ለ24 ተሸነፉ፤ በ2024 12ኛ ሆነው ሲጨርሱ ተሰናበተ። በምትኩ ማይክል ማጉዋየር ሲመጣ ግን ቡድኑን አላፈረሰም። ዋነኞቹ ተጫዋቾች ሪስ ዋልሽ፣ ፔይን ሃስ፣ ፓት ካሪጋን እዚያው ነበሩ። ትልቁ አዲስ ፈራሚ ቤን ሀንት ነበር፤ እሱም ወደ ቀድሞ ክለቡ ነው የተመለሰው። በ2025 ሜልበርን ስቶርምን 26 ለ22 ረትተው ከ2006 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሱ!

የዚያ ቡድን ካፒቴን አዳም ሬይኖልድስ ደግሞ ማጉዋየርን ከድሮ ያውቀዋል፤ በ2014 ሳውዝ ሲድኒ ከ43 ዓመት በኋላ ዋንጫ ሲያነሳ አንዱ አሰልጣኝ ሌላው ተጫዋች ሆነው አብረው ነበሩ። ለዚህ ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ፦ አዲስ አሰልጣኝ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሐሳቡን የሚያስረዳለት ሰው ያስፈልገዋል።

የዚያው ሊግ ክለብ የቡልዶግስ ጉዳይ ግን ይለያል። በአሰልጣኙ በካሜሮን ሲራልዶ የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2023፣ 15ኛ ሆኑ። እዚያ ችግሩ ስብስቡ ነበር። ስቴፈን ክራይተን መጥቶ ካፒቴን ሆነ፣ ሌሎችም ተጨመሩ፤ በ2024 6ኛ ወጡ። የደመወዝ ጣሪያ (አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ሊከፍል የሚችለው ገደብ) ስላለ ይህ በአንድ ጀምበር አይሆንም።

የአንተ ክለብ የትኛው ነው? ስብስቡን ንገረንና እንየው።